የትኛው ሥራ ቤት ይግባ?

የወረታ ቢሮዎች፣ የፎገራ ባለጉዳዮችና ከቤት ሆኖ የመሥራት ምኞት

ወረታ ሦስት መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት። አንዱ ከባሕር ዳር ይመጣል፤ አንዱ ከጎንደር ይወርዳል፤ ሦስተኛው ከወልድያ ተነሥቶ በደብረ ታቦር አልፎ የሚገባው፣ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው ነው። መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰኞ ጠዋት፣ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ በሦስቱም በኩል ሚኒባስ ይገባል። ባጃጅ ይሰለፋል፤ የሩዝ መፈልፈያዎቹ ሞተር ይነሣል፤ ቁርስ ቤቶቹ ሻይ መቅዳት ይጀምራሉ። ከሚኒባሱ ከሚወርዱት መካከል የሩዝ ነጋዴ አለ፤ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው አለ፤ በሽተኛ ደግፎ የመጣ አለ። በአንድ ትከሻው የላፕቶፕ ቦርሳ አንግቶ፣ በሌላ እጁ የሳምንት ልብሱን የያዘም አለ። ይህኛው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ልጆቹና ባለቤቱ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ታቦር ናቸው፤ እንጀራው ግን ወረታ ነው። 2፡30 ሳይሞላ ቢሮ ደርሶ የሰዓት ፊርማውን መፈረም አለበት።

በዚያው ሰዓት ሌላ ሰው በሌላ በኩል ወደ ከተማዋ ይገባል። ከፎገራ ወረዳ የጣና ዳር ቀበሌዎች ከአንዱ፣ ከናበጋ ወይም ከዋገጠራ፣ ገና ሳይነጋ የተነሣ አርሶ አደር ነው። የመሬት ይዞታ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። ጉዳዩ ከአባት ወደ ልጅ የስም ዝውውር ሊሆን ይችላል፤ የኪራይ ውል ምዝገባ ሊሆን ይችላል፤ የወሰን ክርክርም ሊሆን ይችላል። ዛሬ ካላለቀለት ሌላ ቀን ይመለሳል። ያ ቀን ደግሞ ከእርሻው የሚቀነስ ቀን ነው።

ሁለቱ ሰዎች አንድ ቢሮ በር ላይ ይገናኛሉ። ሠራተኛው የሩብ ዓመት ሪፖርቱን ያለ ግርግር ቤቱ ተቀምጦ ቢጨርሰው ይመኛል። አርሶ አደሩ የሚመኘው ያ ሠራተኛ ወንበሩ ላይ መገኘቱን ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። ምኞታቸው የሚጋጨው አንዱ ሰነፍ፣ ሌላው ትጉህ ስለሆነ አይደለም። «የቢሮ ሥራ» የምንለውን ነገር እንደ አንድ ሥራ ስለምንቆጥረውና ውስጡን ከፍተን ስላላየነው ነው።

መጋቢት 2012

ከቤት ሆኖ መሥራት በአገራችን የመንግሥት ቢሮዎች እንደ አንድ አሠራር በሰፊው የተነገረው በወረርሽኙ ጊዜ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ ተገለጸ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ከመጋቢት 16 ጀምሮ፣ ሥራቸው የግድ ቢሮ መገኘትን ከሚጠይቀው በቀር፣ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው እንዲሠሩ ተባለ። መጋቢት 22 ባሕር ዳር ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ ተገደበባት። መጋቢት 30 የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሕዝብ ማመላለሻዎች ግማሽ ወንበራቸውን ባዶ ትተው እንዲጭኑ ሲደረግ ታሪፉ ጨመረ፤ ከከተማ ከተማ እየተመላለሰ ለሚሠራ ሰው መንገዱ ራሱ የደመወዝ ጥያቄ ሆነበት።

ከቤት ሥሩ የሚለው ውሳኔ የሰው ሕይወት ለማትረፍ የተወሰደ በመሆኑ ተገቢ ነበር። ነገር ግን በብዙ ቦታ ሠራተኛውን ቤቱ ላከው እንጂ ሥራውን አብሮ አልላከለትም። ፋይሉ በክላሴር ውስጥ፣ ክላሴሩ በመደርደሪያ ላይ፣ መደርደሪያው በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ቀረ። ኮምፒውተሩ የቢሮ ንብረት ስለሆነ ከግቢ አይወጣም። የሞባይል ዳታው ከራስ ኪስ የሚገዛ ነው። በዚያ ላይ በዚያው ዓመት ሰኔ 22 ቀን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ ከሰኔ 23 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ። የሞባይል ዳታ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ። ከቤታችሁ ሥሩ በተባለበት ዓመት ቤትን ከቢሮ ጋር የሚያገናኘው መስመር ጠፋ።

የአማራ ክልል ሠራተኛ ይህን ከዚያ በኋላም በከፋ ሁኔታ አይቶታል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆየ። በክልሉ የተነሣው ውጊያ መንገድ በዘጋ ቁጥር ቢሮ መግባት አደጋ ሆነ፤ ቤት መቀመጥ ደግሞ ሥራ ማቆም ሆነ። በዚያ ጊዜ ከቤት መዋል የምርጫ ጉዳይ አልነበረም። ስለ ሠራተኛው ምርጫ ስንነጋገር ይህን መርሳት የለብንም፤ ምርጫ ሊኖር የሚችለው አስቀድሞ ሰላም፣ መብራትና ኔትወርክ ሲኖር ነው። እነዚህ በተሟሉበት ቀን ግን ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ መልስ ይዞ መገኘት ያስፈልጋል።

በአንድ ወንበር ላይ ሁለት ሥራ

ሁለት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች፣ ጆናታን ዲንግልና ብሬንት ኒማን፣ ወረርሽኙ በጀመረበት ዓመት አንድ ስሌት ሠርተው ነበር። በአሜሪካ ካሉት የሥራ መደቦች 37 በመቶው ሙሉ በሙሉ ከቤት ሊሠሩ እንደሚችሉ አገኙ። ስሌቱን ወደ ሌሎች አገሮች ሲወስዱት፣ አገሩ ድሀ በሆነ መጠን ከቤት ሊሠራ የሚችለው ሥራ ድርሻ ያንሳል። እንደ ፎገራ ባለ፣ ሕዝቡ በማሳና በገበያ በሚውልበት አካባቢ፣ ቁጥሩ ትንሽ እንደሚሆን ለመገመት አያስቸግርም።

ነገር ግን ስሌቱ የሚቆጥረው መደብን ነው፤ አንድ መደብ ወይ ቤት ይገባል ወይ አይገባም። የወረታን ቢሮዎች በር እየከፈቱ ቢመለከቱ ግን አንዱ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥራ ሲሠራ ያገኙታል።

ከሩዙ እንጀምር። የፎገራ ሜዳ ውኃ የሚተኛበት፣ በፎገራ ከብት የታወቀ የግጦሽ አገር ነበር። ሩዝ ሥር የሰደደው በደርግ ዘመን፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በረዱት ሙከራ ነው፤ ከዚያን ጊዜ የቀረው ኤክስ-ጅግና የሚባል ዝርያ እስከ ዛሬ ከገበሬው ማሳ አልጠፋም። ዛሬ ፎገራ በኢትዮጵያ የሩዝ ምርት ግንባር ቀደም ናት፤ ሰዉም ሩዙን «ነጭ ወርቅ» ይለዋል። በዚህ ምክንያት የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል እዚሁ ወረታ ተቋቋመ። የአንድ የሩዝ ተመራማሪ ዓመት ለሁለት የተከፈለ ነው። ክረምት ላይ ቦቲ ጫማ አድርጎ ውኃ በተኛበት የሙከራ መደብ ውስጥ ይቆማል፤ ከአንዱ ዘር ስንት አገዳ እንደ ወጣ ይቆጥራል፤ ቁመቱን ይለካል፤ በሽታ የነካውን ይለያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ምርቱ ሲታጨድ ይመዝናል። ይህን ሥራ ማንም ቤቱ ሊወስደው አይችልም። ከዚያ በኋላ ግን የሰበሰበውን ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ የሚተነትንበት፣ ሪፖርትና የጥናት ጽሑፍ የሚያዘጋጅበት ወራት ይመጣል። ያ ሥራ የሚፈልገው ጸጥታ፣ መብራትና የማይቋረጥ ሐሳብ ነው። ይህን ሁለተኛውን ሥራ ከቤት ልሥራ ቢል መልሱ ምን ይሁን?

ወረታ ወዳለው ደረቅ ወደብ እንሂድ። ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ ሰነድ ዛሬ ብዙው በኮምፒውተር ይሄዳል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት በ2012 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። አስመጪው ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ወረቀት ይዞ መሮጥ ቀንሶለታል። ኮንቴይነሩ ግን ተከፍቶ መፈተሽ ሲኖርበት ፈታሹ ወረታ መገኘት አለበት። ሰነዱ ቦታ አይመርጥም፤ ዕቃው ይመርጣል።

ወደ ወረዳው ፋይናንስ ስንመጣ፣ የወር ደመወዝ ማዘጋጃው፣ የበጀት መቆጣጠሪያው አይቤክስ የሚባለው ሥርዓት፣ የክፍያ ሰነዱ፣ ሁሉም ከመንግሥት ኮምፒውተርና ካዝና ጋር የተያያዙ ናቸው። ይህ ሥራ ቢሮ ይፈልጋል፤ ምክንያቱ የሕዝብ ገንዘብ ጥበቃ ነው። ፕላን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ግን የሚሠራው ከቀበሌዎች በቴሌግራም በተላከለት ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ ሠንጠረዡን ባሕር ዳር ሆኖ ቢያቀናጀው ወረታ ሆኖ ካቀናጀው የሚለየው ነገር የለም።

የመሬት ቢሮው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ወሰን የሚከራከሩ ሁለት ጎረቤታሞች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ባለሙያው የሁለቱንም ፊት እያየ፣ ሽማግሌ እየሰማ የሚደርስበት ነገር በስልክ አይደረስበትም። የዚያን ክርክር ቃለ ጉባኤ በንጹሕ መጻፍ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ስለዚህ ወረታ ላይ «ይህ መደብ ከቤት ይሠራል፣ ያ አይሠራም» ብሎ መስመር ማስመር አያዋጣም። መስመሩ የሚያልፈው በእያንዳንዱ ሠራተኛ ሳምንት መካከል ነው። ባለጉዳይ፣ ማሳ፣ ዕቃና ገንዘብ ያለበት ሥራ ቦታውን ይፈልጋል። ሐሳብ፣ ቁጥርና ጽሑፍ የሆነው ሥራ ጊዜን ይፈልጋል። ዛሬ ሁለቱን በአንድ ወንበር ላይ እናጣላቸዋለን። ሪፖርት የሚጽፈው ሰው ባለጉዳይ ሲመጣ ይበሳጫል፤ ባለጉዳዩ የሚሰማው መልስ «ሪፖርት ላይ ነኝ፣ ከሰዓት ተመለስ» የሚል ይሆናል። ሁለቱም ሥራ ይበላሻል።

ማኅተሙ

ሐሳብና ጽሑፍ የሆነው ሥራ እንኳን ቤት እንዳይገባ የሚያደርግ አንድ ትንሽ ዕቃ አለ፤ ክብ ማኅተም።

አንዲት ደብዳቤ ከወረዳ ቢሮ እስክትወጣ የምትሄድበትን መንገድ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ባለሙያው ያረቅቃል፤ ጸሐፊዋ ትጽፋለች፤ ቡድን መሪው ያያል፤ ኃላፊው ይፈርማል፤ መዝገብ ቤት ወጪ ቁጥር ይሰጣል፤ በመጨረሻም ማኅተም ያርፍበታል፤ ግልባጩ ይበተናል። ኃላፊው ስብሰባ ከሄዱ ፊርማው ይጠብቃል። ማኅተም ያዡ ልቅሶ ከሄደ ማኅተሙ ይጠብቃል። የሚያረቅቀው ሰው ቤቱ ሆኖ በአንድ ሰዓት የጨረሰው ደብዳቤ ሁለት ቀን ሊቆም ይችላል።

ሕጉ ከቢሮው ቀድሞ ሄዷል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ተከትሎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ታውጇል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በኮምፒውተር የተፈረመ ሰነድ ሕጋዊ ዋጋ እንዲኖረው በር ይከፍታሉ። ሦስተኛው ኃላፊነት ይጨምራል። የሰው የጤና፣ የመሬትና የደመወዝ መረጃ የያዘ ፋይል በፍላሽ ተገልብጦ ቤት ከገባ፣ ወይም በግል ቴሌግራም ከተላከ፣ ያ መረጃ የባለጉዳዩ ንብረት መሆኑ አይቀርም። ከቤት መሥራትን የሚፈቅድ ቢሮ የትኛው ሰነድ ከግቢው ፈጽሞ እንደማይወጣ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

በግሉ ዘርፍ ያለው ሠራተኛ የሚተዳደርበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ያለ አሠሪው የቅርብ ቁጥጥር በቤቱ ወይም በመረጠው ቦታ ለሚሠራው ሥራ የሚሆን የውል ዓይነት ያውቃል፤ ሐሳቡ ከዚያ በፊት በነበሩት አዋጆችም ውስጥ አለ። ያ ድንጋጌ የተጻፈው ቤቱ ሆኖ ዕቃ እየሠራ ለሚያስረክብ ሰው ጭምር ታስቦ ስለሆነ፣ የዛሬውን ባለላፕቶፕ ሠራተኛ ጥያቄ ሁሉ አይመልስም። ዳታውን ማን ይክፈል? ላፕቶፑ ቢሰበር የማን ዕዳ ነው? ኃላፊው ሠራተኛውን እስከ ስንት ሰዓት መደወል ይችላል? የመንግሥት ሠራተኛውን ደግሞ ይህ አዋጅ አይመለከተውም። ይህ ሁሉ በመመሪያ ሊመለስ የሚችል ነው።

ቤት ሁሉ አንድ አይደለም

ከቤት መሥራት የሚወደደው ቤቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይጠየቅ ነው። ወረታ ተከራይቶ የሚኖር ጀማሪ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ክፍል ነው። አልጋው፣ ማብሰያውና ጠረጴዛው በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ግቢው የጋራ ነው፤ የጎረቤት ልጆች ይጫወታሉ፤ አከራይዋ ቡና ጠጣ ብላ ትጠራዋለች፤ ጥሪዋን አለመቀበል ነውር ነው። መብራት ከጠፋ ቢሮው ጄኔሬተር ሊኖረው ይችላል፤ እሱ የለውም። ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ ቢሮው ጸጥታ የሚያገኝበት፣ ሰው የሚያይበት፣ ከነባር ባለሙያ ሥራ የሚማርበት ቦታ ነው።

ባሕር ዳር ቤተሰብ ላለው ሰው ነገሩ ሌላ ነው። 55 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሚኒባስ መጠበቁ፣ ኬላው፣ የባጃጁ ምልልስ ሲደመር ከቀኑ ብዙ ይበላል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ወረታ አድሮ ለሁለት ቦታ ኪራይ የሚከፍል ሰው አለ። ለእርሱ በሳምንት አንድ ቀን ከቤት መሥራት ማለት ልጁን አንድ ቀን ጠዋት ትምህርት ቤት ማድረስ ማለት ነው።

የሴት ሠራተኛዋ ጉዳይ ከሁለቱም ይከብዳል። ከወሊድ በኋላ ሕጉ የሚሰጣት ፈቃድ 90 ቀን ነው። ሲያልቅ ጡት የሚጠባ ሕፃን ትታ 2፡30 ላይ ትፈርማለች። እንዲህ ላለች እናት ከቤት ሆኖ መሥራት ሥራዋን ከመልቀቅ የሚያድናት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ቤት መዋሏ ራሱ ሌላ ወጥመድ ይዞ ይመጣል። «ቤት አይደለሽ?» የሚባል ነገር አለ። ቤት ያለች ሴት ሥራ ላይ እንዳለች የሚቆጥር ዘመድ ጥቂት ነው። እንግዳው ይመጣል፤ እንጀራው ይጋገራል፤ የታመመ ዘመድ እርሷ ትጠብቀው ይባላል፤ ሪፖርቱ ለሌሊት ይቀራል። የቢሮ ሥራዋ ከቤት ሥራዋ በላይ ይጫንባታል እንጂ አይተካውም። ከቤት መሥራት ለሴቷ የሚጠቅማት ባልና ቤተሰብ ያንን ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ሲያከብሩላት ብቻ ነው።

ሠራተኞች በፍላጎታቸው እንዲህ የሚለያዩት ወረታ ላይ ብቻ አይደለም። በቻይና ሲትሪፕ የሚባለው የጉዞ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2011 ከስታንፎርዱ ኒኮላስ ብሉምና ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሙከራ አድርጓል። ከስልክ መልስ ሰጪ ሠራተኞቹ መካከል ከቤት መሥራት የሚፈልግ ማን እንደሆነ ሲጠይቅ ፈቃደኛ የሆነው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ የራሱ ክፍልና ኢንተርኔት ያለው ተመርጦ፣ በዕጣ ተከፍሎ፣ ለዘጠኝ ወር ተሞከረ። ከቤት የሠሩት ሰዎች የሥራ ውጤት በ13 በመቶ ጨመረ፤ ሥራ የሚለቀውም በግማሽ ቀነሰ። ሙከራው አልቆ ኩባንያው «እንደ ፍላጎታችሁ» ሲላቸው ግን ከቤት ሲሠሩ ከነበሩት ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ ተመለሱ። ብቸኝነት አስቸግሯቸው ነበር። ጥሩ ቢሠሩም ከዓይን የራቁት ዕድገት የሚያገኙት ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ነበር።

ያው ኩባንያ ከዓመታት በኋላ 1,612 ሠራተኞችን ይዞ ሌላ ሙከራ አደረገ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ታተመ። በዚህኛው ሠራተኞቹ በሳምንት ሦስት ቀን ቢሮ፣ ሁለት ቀን ቤት ሠሩ። የሥራ ውጤታቸውም ዕድገታቸውም አልቀነሰም። ሥራ የሚለቀው በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ። ከሁሉም በላይ የተጠቀሙት ሴቶች፣ ኃላፊ ያልሆኑ ሠራተኞችና ረዥም መንገድ የሚመላለሱት ነበሩ። የኩባንያው ከተማ ሻንጋይ ወረታ አይደለችም። ልጅ ትታ የምትመጣው እናትና መንገድ የሚበላው ሠራተኛ ግን በሁለቱም ቦታ አሉ። ከዚህ የምንማረው ነገር አንድ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቤት መዋልም፣ ሙሉ በሙሉ ቢሮ መዋልም ለብዙ ሰው አይመችም፤ ሳምንቱን መክፈል ይመቻል።

ፊርማና ሥራ

ኃላፊዎች ከቤት መሥራትን የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፊታቸው የተቀመጠውን ሠራተኛ እንኳ ምን እንደሠራ ለማወቅ ይቸገራሉ፤ ያላዩትንስ እንዴት ይቆጣጠሩ? የሰዓት ፊርማው፣ በአንዳንድ ቦታም የጣት አሻራው፣ የሚያረጋግጠው መምጣትን ነው። ጠዋት ፈርሞ፣ ወንበሩ ላይ ኮቱን ሰቅሎ፣ እስከ 6፡30 የማይታይ ሰው መኖሩን ባለጉዳይ ሁሉ ያውቃል። ያ ሰው በመዝገቡ ላይ ሥራ ላይ ነው።

የሚገርመው መለኪያው ከብዙ ጊዜ በፊት የተሰጠን መሆኑ ነው። በሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው ውስጥ ውጤት ተኮር ሥርዓት መጣ፤ መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ መጣ፤ ሚዛናዊ የውጤት ሥርዓት መጣ። ሠራተኛው በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሞላው የአፈጻጸም ምዘና ቅጽ ከሥራ ዝርዝር፣ ከጊዜ፣ ከብዛትና ከጥራት የተሠራ ነው። በየቢሮው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ሰዓት ወይም በስንት ቀን እንደሚያልቅ ቃል ይገባል። ቅጹ በእውነት ቢሞላ፣ ቻርተሩ በእውነት ቢቆጠር፣ ሠራተኛው የት ሆኖ ሪፖርቱን ጻፈ የሚለው ጥያቄ ክብደቱን ያጣል።

ከቤት ልሥራ የሚለው ትጉህ ሠራተኛ ጥያቄ ከሥሩ ሲታይ ይህ ነው። መምጣቴን አትቁጠሩ፣ የሠራሁትን ቁጠሩ ይላል። ይህ ጥያቄ ቢሮ ለሚቀረውም ይጠቅማል፤ ከሁሉ በላይ ባለጉዳዩን ይጠቅማል። በአንጻሩ፣ ቢሮ ተቀምጦ የማይሠራ ሰው ቤት ሆኖም አይሠራም። ለእርሱ መፍትሔው ወንበር ላይ ማሰር አይደለም።

ከማን ነው መራቁ?

ስለ ቤትና ቢሮ ስንከራከር የምንረሳው የሠራተኞች ወገን አለ። በየቀበሌው የሚኖሩት የግብርና ልማት ሠራተኞችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከወረዳው ቢሮ ውጭ መሥራት ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ፣ ዋና ሥራቸውም ቤት ለቤት እየሄዱ ማስተማር እንዲሆን ታስቦ ነው። እነዚህን ሴቶች ኃላፊያቸው በየጠዋቱ አያያቸውም። የሚጠየቁት በክትባቱ፣ በእናቶች ክትትሉ፣ በመጸዳጃ ቤቱ ነው።

ክረምት ሲገባ የእነዚህ ሰዎች ዋጋ ይታያል። ርብና ጉማራ ይሞላሉ፤ ጣናም ወደ ሜዳው ይገፋል፤ ዝቅ ያሉት ቀበሌዎች በውኃ ይከበባሉ፤ መንገድ ይቆረጣል። በዚያ ሰሞን ወረታ ቢሮ የተቀመጠው ባለሙያ ወደ ቀበሌው መድረስ አይችልም። ቀበሌው ውስጥ የሚኖረው ባለሙያ ግን ማን ቤት ውኃ እንደገባ፣ የማን ከብት እንደታሰረ፣ የማን ሩዝ እንደተኛ በስልክ ይናገራል። እርሱ ከአለቃው ርቋል፤ ከሕዝቡ ጋር ግን አብሮ ነው።

ስለዚህ ፎገራ ላይ መጠየቅ ያለበት ርቀቱ ከማን እንደሆነ ነው። ከአለቃ መራቅ ብዙም አይጎዳም። ከባለጉዳይ መራቅ ይጎዳል። ባሕር ዳር ቤቱ ሆኖ የሚሠራ የወረዳ ሠራተኛ ከሁለቱም ይርቃል፤ ስለዚህ የሚፈቀድለት የጽሑፍ ሥራው ብቻ መሆን አለበት። ዓላማው ደግሞ ሠራተኛውን ማሳረፍ ብቻ ሳይሆን አርሶ አደሩንም ከምልልስ ማሳረፍ ሊሆን ይገባል። ይህ የሚቻል መሆኑን አይተናል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የስልክ አገልግሎት አርሶ አደሩ የግብርና ምክር በቋንቋው እንዲሰማ አድርጓል፤ ለዚያ ምክር ወረታ መምጣት አላስፈለገውም። «ፋይሌ የት ደረሰ?» ለሚለው ጥያቄ ተመሳሳይ መልስ በስልክ ቢገኝ፣ ጉዳዩ ያላለቀለት ሰው ለመስማት ብቻ ብሎ ሌሊት አይነሣም ነበር።

ከየት ይጀመር?

የመንግሥት ሠራተኛው መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት 39 ሰዓት ነው፤ ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ለጸሎትና ለምሳ ይለቀቃል። ከዚህ 39 ሰዓት ውስጥ ባለጉዳይ የሚፈልገው ስንቱ ነው? ጽሑፍና ቁጥር የሚፈልገውስ? ይህን በጽሑፍ ያሰፈረ ቢሮ የመጀመሪያውን እርምጃ ሄዷል።

ቀጥሎ ባለጉዳይ የሚስተናገድበት መስኮት በሥራ ሰዓት ሁሉ፣ በተለይ በገበያ ቀን፣ ሰው የማይጠፋበት ይሁን፤ በፈረቃ ይያዝ። የገበያ ቀን ማንም ከቤት የመሥራት ፈቃድ አይውሰድ፤ አርሶ አደሩ ወደ ከተማ የሚወጣው ያን ቀን ነውና። የጽሑፍ ሥራ ያለበት ባለሙያ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ከቤት እንዲሠራ ይፈቀድለት፤ ቀኑን ሲያጠናቅቅ የተስማማበትን ሥራ ያስረክብ። ካላስረከበ ፈቃዱ ይቁም። አራስ እናቶችና ረዥም መንገድ የሚመላለሱት ቅድሚያ ያግኙ። ቤቱ የማይመቸው ሠራተኛ ደግሞ ቢሮውን የመምረጥ መብቱ ይጠበቅ፤ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ለጽሑፍ ሥራ ቢለይ እርሱም የሚፈልገውን ያገኛል። ማኅተምና ፊርማ ያዡ በሌለበት ቀን የሚተካው ሰው ይሰየም።

ይህ በአንድ ጽሕፈት ቤት ለስድስት ወር ይሞከር። በመጨረሻም ሁለት ሰው ይጠየቅ፤ ሠራተኛውና ባለጉዳዩ። ሠራተኛው «ተመችቶኛል» ብሎ ባለጉዳዩ «ብዙ ተመላለስኩ» ካለ ሙከራው ወድቋል። ባለጉዳዩ ጉዳዩ በቻርተሩ ቀን ካለቀለት ግን ሪፖርቱ የተጻፈው ወረታ ይሁን ባሕር ዳር ለማንም አይከብደውም።

ለዚህ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ዛሬ በእጃችን አለ። የምዘና ቅጹ አለ፤ ቻርተሩ ግድግዳው ላይ ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጉ ወጥቷል፤ ስልኩ በአርሶ አደሩም በሠራተኛውም ኪስ ነው። የቀረው አንድ ኃላፊ ሠራተኞቹን ሰብስቦ የእያንዳንዱን ሥራ ለሁለት እንዲከፍሉ መጠየቁ ነው፤ ሰው ፊት የሚሠራውና ለብቻ የሚሠራው። ያ ዝርዝር ከተጻፈ በኋላ የትኛው ሥራ ቤት እንደሚገባ ለመወሰን ብዙ ስብሰባ አያስፈልግም።